ሁለት በር ያለው ግቢ

ሰውየው በሩ ላይ በዝናብ ሲበሰብስ ቢውል ነውሩ የማን ነው? የራሱ፣ የለቅሶው ባለቤቶች ወይስ የሟቹ? ሬዊ መልሱን ገና አላገኘውም። ሰውየውን ግን ለይቶታል። ከዋና ከተማው ከዌሊንግተን፣ ከመሬት ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተላከ፣ ሚስተር ፔልሃም ነው። በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው የአበባ ጉንጉን ይዟል።

የሬዊ አባት ፔኔታና በጎሣው ትልቅ የመሰብሰቢያ ቤት በረንዳ ላይ፣ ክፍት ሣጥን ውስጥ ተጋድመዋል። ጥቁር የለበሱ፣ የቅጠል አክሊል የደፉ ሴቶች ከበዋቸዋል። ሬሳ ለአፍታ እንኳ ብቻውን አይተውም። የሟች ልጅ ደግሞ ከሣጥኑ ጎን ይቀመጣል እንጂ አፉን አይከፍትም፤ የሚናገሩለት ሌሎች ናቸው። ለቀስተኛም ቢሆን ጠሪዋ ሴት ድምጿን አውጥታ እስክትጠራው በሩ ላይ ይቆማል። ሳይጠሩት የሚገባ የለም።

ጠሪዋ እማማ ሃሪያታ ናቸው፣ የፔኔታና የአጎት ልጅ። ለመነሳት ምርኩዛቸውን ሲፈልጉ ሬዊ ቀደማቸው።

«ቆይ እማማ፣ መጀመሪያ እኔ ላነጋግረው።»

«አንተ? አንተማ ዛሬ አፍ የለህም። ቁጭ በል!»

አልተቀመጠም።

«ሬዊ! እግዜር ያጽናህ» አለ ፔልሃም በእነ ሬዊ ቋንቋ፣ በጠራ ማዎሪኛ። «የአገረ ገዢውን የሐዘን መልእክት ይዤ መጥቻለሁ። መግባት ይቻላል?»

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ ጌታዬ?» አለ ሬዊ ትሕትና በተላበሰ ድምፅ። «ይህ የጓሮ ሰዎች ጉዳይ ነው። በኋላው በር ዞረው ይጠይቁ።»

ፔልሃም ጭቃውን እየረገጠ ዞረ። ሬዊ በውስጥ በኩል ቀድሞት ደረሰና የአክስቱን ልጅ ማካሬን ጠቀሳት። ማካሬ በጋለ ድንጋይ ድንችና ሥጋ የተቀበረበትን ጉድጓድ ትከፍት ነበር። ወዲያው ገባት።

«ውይ ጌታዬ፣ እኛ እኮ አብሳዮች ነን!» አለችው አካፋዋን ተደግፋ። «ድንቹ በሰለ ወይ ካሉኝ እነግርዎታለሁ። የለቀስተኛ ነገር የፊተኛው በር ነው።»

እንደገና ዞረ። ከማካሬ ጋር የሚያበስሉት ልጃገረዶች አፋቸውን በመሐረብ አፍነው በሳቅ ተንፈራፈሩ።

«ወደዚህ መለሱኝ» አለ ፔልሃም፣ ጃንጥላው በነፋስ ተገልብጦ።

«ተሳስተዋል። ጓሮው ራሱን የቻለ ነው። እኛ በእነሱ ጉዳይ እጃችንን አናስገባም።»

ይህን አነጋገር ሬዊ ከራሱ አላመጣውም። ኤደንብራ ሕግ ይማር በነበረበት ዘመን አባቱ ውቅያኖስ አቋርጠው ለንደን መጥተው ነበር። በጦርነት ጊዜ የተነጠቁትን የወንዝ ዳር መሬት ለማስመለስ። የቅኝ ግዛቶች መሥሪያ ቤት ሹም በወርቅ ጠርዝ ስኒ ሻይ ጋበዛቸውና አለ፦ «መሬታችሁን የወሰደው የአገራችሁ መንግሥት ነው። ራሱን የሚያስተዳድር መንግሥት ስለሆነ፣ ንጉሡ በጉዳዩ እጃቸውን አያስገቡም።»

«መሬታችሁ አይነካም ብላ ቃል የገባችልን ግን የቀድሞዋ ንግሥታችሁ ናት» አሉ ፔኔታና።

ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። አገራቸው ተመልሰው ዌሊንግተን ሲሄዱ ያነጋገራቸው ይኸው ፔልሃም ነበር። «ቃሉ የንግሥቲቱ ነው። ቃሉ የተገባበትን ለንደንን መጠየቅ ነው እንጂ፣ እኛ ምን አገባን?» ፔኔታና ሦስት ሚኒስትሮች እስኪለዋወጡ ድረስ እየተመላለሱ አረጁ። ሬዊም የተማረባቸውን መጻሕፍት ቢያገላብጥ የለንደኑንም የዌሊንግተኑንም መልስ በሕጉ ትክክል ሆኖ አገኘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጻሕፍቱን ጠላቸው።

ፔልሃም ለሌላ ዙር ወደ ጓሮው ፊቱን ሲያዞር፣ የእማማ ሃሪያታ ምርኩዝ የሬዊን ክንድ ጠለፈው።

«በቃ!»

«ይቅመሳት እንጂ እማማ! አባቴን ዕድሜ ልኩን አይደል እንዴ ያንከራተተው?»

«አሁን የሚዋረደው አባትህ ነው። ለቀስተኛው በሩ ላይ የሚንገላታበት ሟች፣ ምን ሟች ይባላል? ደግሞ ሞኝ ነህ። ብታባርረው እየፈነደቀ ባቡሩን ይሳፈራል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጥራውና ሬሳው ፊት ይቁም። እዚያ ሌላ በር የለም።»

ከዚያም ጠሩ። ያ ቀጭን፣ አንጀት የሚበላ ድምፅ ግቢውን ሰነጠቀው። ፔልሃም ባርኔጣውን አውልቆ፣ እየተንጠባጠበ ገባ። ደንቡን ያውቃል፤ ሟችን በቁሙ እንዳለ ሰው አነጋገረው።

«ይሂዱ ፔኔታና፣ ይሂዱ። ወደ አባቶችዎ ይሂዱ። አገረ ገዢው የንጉሡን ታማኝ ወዳጅ በማጣታቸው አዝነዋል።»

እማማ ሃሪያታ የሬሳውን ግንባር ዳሰሱ። «ፔኔታና፣ የምትፈልገው ሰው መጥቶልሃል። በል ጠይቀው።»

የሚያለቅሱትም አቆሙ። ከጣሪያው ጠርዝ የሚወርደው ውሃ ብቻ ይሰማል።

«ጠይቆሃል» አሉ እማማ ሃሪያታ ወደ ፔልሃም ዞረው። «መልስለት።»

ፔልሃም ግራና ቀኝ አየ። ሬዊ ጥርሱን ነክሶ ዓይኑን ተከለበት።

«ይህ… ይህ ጉዳይ ወደ ለንደን ተልኮ…»

«ለሬሳም ቀጠሮ ትሰጣላችሁ እንዴ!» አለች ማካሬ ከኋላ።

ሳቁ ከወጣቶቹ ጀምሮ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ፣ ከዚያም ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ፔልሃም የሟች ቤተሰቦችን በየተራ እየተሳለመ፣ እንደ ደንቡ አፍንጫውን ከአፍንጫቸው እያስነካ መጣ። ሬዊ ጋ ሲደርስ እጁን ጨበጠው፤ ጨብጦም አለቀቀው። ግንባራቸው ተነካክቶ፣ አንድ ትንፋሽ እየተነፈሱ ቆዩ። ሰውየው ይንቀጠቀጥ ነበር። ከብርድ ነው ወይስ ከኀፍረት? ሬዊ ኀፍረት እንዲሆን ተመኘ። ይህን ቀን ሲመኘው ኖሯል፤ ጣፍጦታልም። መሬቱ ግን ከወንዙ ማዶ በሌላ ሰው አጥር ውስጥ በጎች ይግጡበታል።

ከቀብሩ ማግስት ሬዊ በጀልባ ወደ ከተማው ፖስታ ቤት ወረደ።

«ወደ ለንደን፣ ለቅኝ ግዛቶች መሥሪያ ቤት» አላት የቴሌግራም ሠራተኛዋን። «‹በእናንተና በዌሊንግተን መካከል ቆሜያለሁ። የማን ጉዳይ ነኝ?› በይልኝ። የመልሱንም ሒሳብ አብሬ እከፍላለሁ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። «የላኪው ስም?»

ሬዊ ሳንቲሞቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረ።

«ፔኔታና።»

«መልሱ ሲመጣ ራሳቸው መጥተው ይወስዱታል?»

«አዎ» አለ ሬዊ። «ራሳቸው ይወስዱታል።»

መልስ አልመጣም።