ፈገግ ያለው ቁርጥ ራስ

ወንድሜ ፊልም ሠሪ ነው፤ ይህን የሚለው እሱ ነው። ካሜራ የተዋሰ ዕለት ዳይሬክተር ሆኖ አደረ፤ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ሥርም ጥቁር መነጽሩን አያወልቅም። ሙያ በልብ ነው ይባላል፤ የሱ ግን ኮፍያው ላይ ነው።

ደሙን፣ ቁስሉን፣ የተቆረጠውን እጅ የምሠራለት እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ። በዚህኛው ፊልም ደግሞ ጀግናው የጠላቱን አንገት ይቀላል፤ ጀግናውም ያው ራሱ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን! ለሚቀላው ጭንቅላት ከሰው ፊት ቅርጽ መውሰድ ነበረብኝ፤ ፊቱን የሚያውስ ግን ጠፋ። ጀሶ ተለብጦ፣ አፍንጫው ውስጥ በተሰካ ሁለት ስትሮ እየተነፈሰ መጋደም ማን ይወዳል? እሺ ያለው አባዬ ብቻ ነው። ያ ግብዝ ወንድሜ የአባዬን ቤት ከረገጠ ዓመት አልፎታል።

«ፊቴን ከፈለገ ይውሰዳ» አለኝ አባዬ፤ «በዚያው ዓይኑን አየዋለሁ። ምናልባት ቤትም ይመጣል።»

ጀሶው እስኪደርቅ ፊት መንቀሳቀስ የለበትም። ወንድሜ ግን ብቅ አለና አባዬ ጆሮ ላይ ጎንበስ ብሎ «ዛሬ ገና ዝም አልክልኝ!» አለው። ቀልድ መሆኑ ነው። አባዬ ከጀሶው ሥር ሳቀ፤ ልጁ ስላናገረው ብቻ ደስ ብሎት ሳቀ። ተው ብዬ ብለምነውም ሆዱ መንቀጥቀጡን አላቆመም።

የላስቲኩ ጭንቅላት ከቅርጹ ሲወጣ ፈገግ ብሎ ወጣ። ፀጉሩን በመርፌ ተከልኩለት፣ አንገቱን ሽሮፕና ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ፈገግታው ግን ወይ ፍንክች። እውነቱን ለመናገር እኔም እንዲጠፋ አልፈለግሁም፤ አባዬን እንዲህ ካየሁት ቆይቻለሁ።

የቀረጻው ቀን አባዬ ኮቱን አስተኩሶ የምንቀርጽበት መጋዘን ድረስ መጣ። ወንድሜ ሰላም እንኳ ሳይለው ጭንቅላቱን በፀጉሩ አንጠለጠለ።

«ምን ያስገለፍጠዋል? አንገቱ የተቀላ ሰው ይስቃል?»

«ያሳቅኸው አንተ ነህ» አልኩት።

«ሥራሽን አታውቂም በቃ!»

ቢላዬን ነጥቆኝ የአፉን ግራና ቀኝ ሰነጠቀው፤ ከንፈሩን ወደ ታች ጎትቶ ደም ለቀለቀበት። አጃቢዎቹ አጨበጨቡለት። አጨብጫቢ ምን ይገደዋል! አባዬ ዳር ተቀምጦ የገዛ አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

ቆይቶ ተነሣና ወደ ልጁ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ እሁድ ቤት ብቅ ትላለህ?»

ወንድሜ ዓይኑን ከካሜራው አልነቀለም። «አባዬ፣ ካሜራ ውስጥ ገባህብኝ። ዞር በልልኝ!»

አባዬ ወደ ኋላ ሸሸት አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው፤ የወለደውን ልጅ አንቱ ብሎ። ከዚያ ኮቱን ቆልፎ ወጣ።

ያ ጉድ ይህንንም አልሰማም፤ «ጸጥታ! ቀረጻ!» እያለ ይጮህ ነበር።