ሰላምታው የተቆረጠ ቪዲዮ

መርሳ ላይ ቪዲዮ መቁረጥ የሚችል ሰው አለ ከተባለ እኔ ሉብና ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበረኝ፣ እሱ በቂ ነው። የምስክር ወረቀት የሚጠይቀኝ ሰው ሥራዬን ይይ። ዐይን ከሌለው ወረቀቱም አይጠቅመው።

የካቶሊክ ሲስተሮቹ የቴሌግራም ገጻቸውን የሰጡኝም እሱን አይተው ነው። ማኅበራቸው አዲስ አበባ ተሰብስቦ «ከእንግዲህ ተልእኳችን በስልክም ይሂድ» ብሎ ወሰነ። የመርሳው ቤት ኃላፊ ሲስተር አበበች ግን ስልክ የሚይዙት እንደ ፍም ነው። ሙስሊም ልጅ የካቶሊክ ገጽ ያዘች ብሎ የሚገረም ካለ እሱ መንገደኛ ነው። እኛ ጋ ማንም አልተገረመም፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው።

ቅጥሬ ግን የሙከራ ነበር። የማኅበሩ የበላይ ሲስተር አልማዝ መጥተው ገጹን ያያሉ፤ ከዚያ ወይ እኔን በቋሚነት ይቀጥራሉ፣ ወይ ዲፕሎማ ያለው ሰው ከአዲስ አበባ ይልካሉ። የዚያን ሥራ ያህል የተመኘሁት ነገር የለም። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

በመምጫቸው ዋዜማ ሲስተር አበበችን አስቀምጬ ገጹን ለሚከታተሉት የአካባቢው እናቶች የጥሪ መልእክት ቀረጽኩ። አያ! የጎረቤታችንን ከተማ የግራናን ሰው ጤና ጠየቁ፣ ማሽላውን ጠየቁ፣ የላሟን መውለድ ጠየቁ፣ የጎረቤታቸውን የሁሪያን ጉልበት ጠየቁ። እንግዳ እንደሚመጣ የነገሩት ትንፋሻቸው ሲያልቅ ነው። የአዲስ አበባው መመሪያ ደግሞ «ከአንድ ደቂቃ እንዳይበልጥ» ይላል።

ቆረጥኩት። ንጹሕ አቆራረጥ ነው፤ ዛሬም አላፍርበትም። የቀረው ይህ ነበር፦ «ልጆቼ፣ ነገ ጠዋት ሁላችሁም ወደ ግቢያችን ኑ። ማንም እንዳይቀር።» መጨረሻው ላይ የሲስተር አልማዝን ፎቶ ከነስማቸው አኖርኩ። ማኅበሩ የላከልኝ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ፎቶ ካለ ማብራሪያ ምን ያደርጋል?

እኛ አገር ሰላም ሳይል የሚጠራህ ሰው መርዶ ይዟል። አውቃለሁ። መቀስ ስይዝ ግን ወሎዬነቴን እረሳለሁ።

ጠዋት ዋይታው ከበሩ ውጭ ተሰማ። ክርስቲያኖቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ሁሪያ ከፊት ሆና ንፍሮ በመሶብ ይዛለች።

«ወይኔ አልማዝ! ሳናይሽ! የሰው አገር ሰው!»

ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ነጭ መኪና ገባች። የወረዱት ሴትዮ ለቅሶውን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«ማን አረፈብን?» አሉ ሁሪያን።

«አልማዝ የምትባል ትልቅ ሲስተር ናት። አንቱም ለእሷው ነው የመጡ?»

«አልማዝማ እኔ ነኝ።»

ሁሪያ ስልኳን አየች፤ ሴትዮዋን አየች፤ እንደገና ስልኳን አየች።

«ያ ረቢ! ፎቶው ላይ ቀጭን ነበሩ'ኮ!»

ሲስተር አበበች ሳቃቸውን በመሐረባቸው አፈኑ። ሲስተር አልማዝ አልሳቁም።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከደቂቃ በታች ነው። ደግሞ ይኸው፣ አንድም ሰው አልቀረም።»

«ለቅሶ ነው'ኮ የመጡት!»

«መጥተዋል ግን።»

«የሠለጠነ ሰው እስኪመጣ ገጹ ይዘጋ» አሉ። አንገቴን ግን አልደፋሁም።

ሁሪያ መሶቧን መሬት አስቀመጠች። «ልጅቱን ቆይተው ይቆጧታል፤ ወሬው ሲሪንቃ ደርሷል። መጀመሪያ ሞትዎን ያንሱ!»

ይህን የሚያነሳ ከእኔ ሌላ ማን አለ? ስልኬን መሶቡ ላይ አስደግፌ ሁለቱን ሲስተሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሲስተር አበበች ጀመሩ፦ እንደምን አደራችሁ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። ሲስተር አልማዝ በሁለት ጣታቸው የመቀስ ምልክት አሳዩኝ። ዐይኔን ወደ ሰማይ አዞርኩ። እንግዳይቱ በሕይወት እንዳሉ ተነገረ፤ ምርቃቱ ተከተለ። አንዲት ቃል ሳልነካ ለቀቅኩት።

ግቢው ውስጥ ስልኩ ሁሉ ጮኸ። ሴቶቹ ጆሯቸው ላይ አድርገው ለስልኩ መመለስ ጀመሩ። «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነን!» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ላሟም ወልዳለች!» «አሜን! አሜን!» ሲስተር አበበች እኮ ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

ሲስተር አልማዝም የራሳቸውን ስልክ ከፍተው ነበር። የሲስተር አበበች ድምፅ «እንደምን አደራችሁ?» ሲል ሳይታወቃቸው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ወዲያው ያያቸው ሰው እንዳለ ዞር ዞር ብለው ቃኙ። እኔ አይቻለሁ።

«ረዘመ አይደል?» አልኳቸው። «ልቁረጠው?»

«እንዳትነኪው!» ከሁሪያ መሶብ ንፍሮ ዘገኑ፤ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። «ሰኞ ቢሮ ነይ። ውል እንፈራረማለን፤ መታወቂያሽን ያዢ።»

«አብሽሪ፣ በይ መልሺላቸው እንጂ!» አለች ሁሪያ በክርኗ እየጎሸመችኝ።

እኔ መልስ የሚያጥረኝ ሰው አይደለሁም። ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ እንዳያዩብኝ ግን ንፍሮ ጎረስኩ።