አራት መቶ አሥራ ሁለተኛው እንጨት

ባለቤቴ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከጣሪያችን በላይ ሲመላለስ ኖሯል። በሰፈራችን ባቡሩ የሚያልፈው በረጅም ድልድይ ላይ ነበር። እሱ ደግሞ በየማለዳው መዶሻውን ይዞ፣ ሐዲዱ የተጋደመባቸውን እንጨቶች አንድ በአንድ እየረገጠና እየቆጠረ የላላ ብሎን ይፈልጋል። ከመልመዱ የተነሣ ቤት ውስጥም የሚራመደው በዚያው እርምጃ ነበር። አብረን ገበያ ስንሄድ ወይ እሮጣለሁ፣ ወይ እቆማለሁ።

ባቡሩ ከቀረ ከአሥር ዓመት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ድልድዩን የእግር መንገድ ያለው መናፈሻ ላድርገው አለ። ባለቤቴ ይህን የሰማ ዕለት ጫማውን መወልወል ጀመረ።

"ማን ጠራህ?" አልኩት።

"ይጠሩኛል።"

ጠሩትም። አንዲት ወጣት መሐንዲስ የተጠቀለለ ወረቀት ታቅፋ መጣች። የድልድዩ የውሃ መውረጃዎች በአፈርና በሣር ተደፍነው ጠፍተዋል፤ የድሮው ንድፍም የለም። ውሃው እየተኛበት ብረቱን እየበላው ስለሆነ፣ አለቆቿ "ዝናብ ከመግባቱ በፊት ካልተገኙ ይፍረስ" ብለዋል።

"ይፍረስ?" አለ ባለቤቴ፣ ጥርሱን ሊነቅሉት የመጡ ይመስል አፉን በእጁ ይዞ።

"የት የት እንደነበሩ ያስታውሳሉ፣ አባባ?"

"ሰባት ናቸው። የመጀመሪያው ከጣቢያው አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ነው።" ቀሪዎቹንም ዘረዘረላት። ጽፋ ሄደች።

በአራተኛው ቀን ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሁለት ቀን ቆፍረው ያገኙት አንድ እግር አሮጌ ጫማ ብቻ ነው።

"በምን ለካሽው?" አላት።

"በሜትር ነዋ!"

"ሜትር ደግሞ ምን አገባው? በእንጨት ነው እንጂ፣ የኔ ልጅ!"

"ታዲያ ከእንጨት እስከ እንጨት ስንት ነው?"

"መታጠፊያው ላይ ይቀራረባሉ፣ ጣቢያው አጠገብ ይራራቃሉ። ግማሹን ደግሞ ሰው ወስዶ አንድዶታል። እግሬ ካልረገጠው አላውቅም።"

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ደረጃ ዘጠና ስድስት ነው። ሐኪሙ ደግሞ "በዚህ ልብህ ደረጃ እንዳትሞክር" ብሎታል። "እኔ በቁሜ አይሆንም!" አልኩ። ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሽቅብ ያይ ጀመር። አንድ ቀን ቻልኩት፣ ሁለት ቀን ቻልኩት። በሦስተኛው ቀን መሐንዲሷ ጋ ደወልኩ።

"የመንገድ መብራት የምትጠግኑበት፣ ቅርጫት ያለው መኪና አላችሁ አይደል? ሐኪሙ የከለከለው ደረጃውን ብቻ ነው።"

በማግስቱ ባለቤቴ የራስ ቁር ደፍቶ፣ ቅርጫቱ ውስጥ እንደ ሙሽራ ቆሞ ወጣ። ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ነበር።

"ጋሼ፣ የኛን ጣሪያ አየት ያድርጉልን! ያፈሳል!" አለ ጫማ ሰፊው።

እኔ ከታች በምሰሶዎቹ መሃል ተከተልኩት። መሐንዲሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሣሩን በጫማው እየዳበሰ፣ ሲደክመው እየቆመ፣ ይቆጥራል። እንጨት የጠፋበት ቦታ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍንና እግሩን ይዘረጋል። ድንገት ቆመ።

"እዚህ ጋ!"

ሠራተኞቹ ቆፈሩ። ክዳኑ ሲነሣ የስንት ዓመት ጥቁር ውሃ በቧንቧው ተንደረደረና አጠገቤ ካለው ምሰሶ ሥር ፈነዳ።

"አንቺ! አገኘሁት!" ብሎ ጮኸ።

"አውቄያለሁ! በስብሻለሁ!"

በሦስት ቀን ሰባቱም ተገኙ። የይፍረሱ ነገር በዚያው ቀረ። ባለቤቴ ግን ለዝናቡ አልደረሰም፤ ከመግባቱ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፉ ላይ እንዳለ አረፈ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲጥል ለቅሶ ሊደርሱ የመጡትን እንግዶች ቤት ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ከምሰሶ ምሰሶ እየዞርኩ አየሁ። ከዚያ መሐንዲሷ ጋ ደወልኩ።

"የሦስተኛው መውረጃ ውሃ ቀጥኗል። ቅጠል ይዞታል መሰለኝ፣ ሰው ላኪ።"

"እሺ እማማ፣ ነገ በጠዋት።"

"ዛሬ" አልኳት።