ወንበር ለቃቂው

ባሌን ዘመድ አዝማዱ «ለቃቂው» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ታናሽ እህቴ ናት። ሙያው ፍሪጅ መጠገን ነው፤ ለቃቂው የተባለው ግን አውሮፕላን ላይ ወንበር ስለሚለቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር መንገዱ የሚቀር ሰው አይጠፋም ብሎ ከወንበሩ በላይ ትኬት ይሸጣል። ሁሉም ግልብጥ ብሎ የመጣ ቀን ታዲያ ጭንቅ ነው። መሳፈሪያው በር ላይ የቆመችው ሠራተኛ ማይክሮፎኗን ታነሳና፣ በፈቃዱ ወንበሩን ለቆ በሚቀጥለው በረራ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ለሌላ ጊዜ ትኬት የሚቆርጥበት የጉዞ ኩፖን እንሰጠዋለን ትላለች። አፏን ሳትገጥም የባሌ እጅ ወደ ላይ ወጥቷል።

መጀመሪያ የፍሪጅ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ በአጋጣሚ ደረሰው። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ተከፈተ። ሰው የሚበዛበትን ቀን መርጦ ትኬት ይቆርጣል፣ ሠራተኛዋ አጠገብ ያለውን ወንበር ይይዛል፣ ይጠብቃል። ባገኘው ኩፖን ደግሞ ሌላ የተጨናነቀ በረራ ይቆርጥና እሱንም ይለቃል። ሻንጣ በጭራሽ አያስጭንም። «ሻንጣ ያስጫነ ሰው እጁ ታስሯል» ይላል፣ ትልቅ ምሥጢር እንደሚነግረኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ተጠራቅሞ የት ሊያደርሰን ነው ስለው፣ ባሕር ያለበት አገር ይለኛል። እስከ ዛሬ ያየሁት ባሕር የለም። ያየሁት የመንገደኛ ማረፊያ አዳራሽ ነው፣ ለዚያውም ሁሉም አንድ ዓይነት።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቤቴን፣ ደንበኞቼን፣ የስፌት መኪናዬን ትቼ አልንቀሳቀስም። የዚያን ቀን የወጣሁት ለእህቴ ስል ብቻ ነበር።

እህቴን ሚጡ ነው የምንላት። ትልቅ ሰው ሆናም ሚጡ ናት። ያሳደግኳት እኔ ነኝ። በአውሮፕላን በሚኬድ ሌላ ከተማ የልብ ቀዶ ሕክምና ታዞላት ስንት ጊዜ ተራ ጠብቃ፣ ተራዋ ሲደርስ የሐኪም ቤቱን ልብስ እንደለበሰች ከአልጋው ወርዳ እግሬ አውጪኝ አለች። ሐኪሙ ተቆጣ። አንድ ዕድል ብቻ እሰጥሻለሁ፣ እሱ ካለፈሽ እኔ ጋ እንዳትመጪ አላት። ያ አንድ ዕድል በጉዟችን ማግስት ጠዋት ነበር። ስልክ ደውላ፣ «እትዬ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ቆመሽ ካላየሁሽ አልገባም። እምልልሻለሁ አልገባም» አለችኝ። እንደማትገባ አውቃለሁ። እኔም ማልኩላት።

ለእሷ ከፊት ለፊት የሚከፈቱ የሌሊት ልብሶች ሰፍቼላታለሁ፤ ደረቷ ከተቀደደ በኋላ እጇን አንስታ ልብስ በራሷ ላይ ማጥለቅ አትችልም ብለውኛል። እነሱንም ነጠላ ጫማውንም አንሶላውንም አንድ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ውስጥ አጨቅሁ። ሻንጣው እንዳይጠፋብኝ እጀታው ላይ ከኮት ገበር የተረፈ ቀይ ቁራጭ ቋጠርኩበት። ባሌ አጠገቤ ቆሞ ጥብቅ አድርጊው እያለኝ ነው የቋጠርኩት። ሻንጣውን ሳስጭን ግን ፊቱን አጨማደደ። ትኬታችን በእሱ ኩፖን የተቆረጠ፣ ሁለታችንንም በአንድ ቁጥር የያዘ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የሕዝቡን ብዛት ሳይ ባሌን ዞር ብዬ አየሁት።

«ዛሬ እንዳትሞክራት» አልኩት።

«ምን አልኩ?» አለ።

ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። ቆይታዬ እጅ ታጥቦ እስኪደርቅ ነው። ስመለስ ባሌ በሩ ላይ ካለችው ባለ ሰማያዊ ሻርፕ ልጅ ጋር እየሳቀ፣ ሁለት ኩፖን እንደ መሐረብ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ ነው።

«ምን አደረግክ?»

«ረጋ በይ። እጥፍ ነው የሰጡን። በምሽቱ በረራ እንሄዳለን፣ ከእህትሽ እራት እንደርሳለን።»

ባለ ሻርፗ ቀና አለች። «የምሽቱ እኮ ከዚህ ወር ጀምሮ ተቋርጧል፣ አባባ። እናንተን የያዝኩላችሁ በነገው የቀትር በረራ ነው።»

ባሌ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የምሽት በረራ ድሮም ነበረ፣ ሁልጊዜም ነበረ፤ ይኖራል ብሎ አልጠየቀም። ስንት ጊዜ የለቀቀ ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል!

«ወንበራችንን መልሺልን፣ የኔ እናት» አልኳት። «ጠዋት እህቴ ቀዶ ሕክምና ትገባለች።»

«ሰው ተቀምጦበታል። በሩም ተዘግቷል። ይቅርታ፣ እናቴ፤ ፈቅደን ነው ሲሉ እኮ ነው የሰጠሁት።»

ፈቅደን። እኔ መቼ ፈቀድኩ? ትኬቱ አንድ ቁጥር ስለሆነ እሱ ሲለቅ እኔም ተለቅቄያለሁ። በዚያች ደቂቃ ባሌን ጠላሁት። ሌላ ቃል የለውም። አብረን ስንት ዘመን የበላንበትን ገበታ ሁሉ ረስቼ ጠላሁት።

የአዳራሹ አንድ ግድግዳ መስታወት ነው። አውሮፕላኑ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል፤ ከመቅረቡ የተነሳ በትንንሾቹ መስኮቶች የሰዎቹን ጭንቅላት ለይቼ አያለሁ። ወንበሬ እዚያ ነው፣ እኔ እዚህ። ከኋላዬ ያለው በር ወደ ከተማ ይመልሳል፤ ከከተማው ወደ ሚጡ በመኪና የሚያደርስ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ቢነዱትም ለጠዋት አይበቃም። መስታወቱን በመዳፌ ገፋሁት፣ የሚገፋ ይመስል። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ሊነካ ሲል፣ «እንዳትነካኝ» አልኩት። ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

ለሚጡ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩት። ምን ልበላት? አልመጣሁም ካልኳት ዛሬውኑ ከሐኪም ቤቱ ትወጣለች። እየመጣሁ ነው ብዬ ካታለልኳት ጠዋት በሩ ላይ ታጣኛለች። ወዲያ ብል ገደል ወዲህ ብል ገደል ሆነብኝ፤ አውሮፕላኑን ሳፈጥበት ቆየሁ።

አውሮፕላኑ ግን አልሄደም። አልሄደም። የጭነት መኪናዎቹ ተመልሰው መጡና ሆዱን ከፈቱት። ሠራተኞች ገቡ፣ ወጡ፣ ተጠራሩ። ከመስኮቶቹ ጀርባ ሰዎች በወረቀት ሲያራግቡ አያለሁ።

ባለ ሻርፗ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ እኛ ሮጣ መጣች። ላብ በላብ ሆናለች።

«ሻንጣ የለንም ብላችሁ አልነበር?»

ባሌ ብድግ አለ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ፊቴን ስታጠብ «የተጫነ ሻንጣ አላችሁ?» ብላ ስትጠይቀው፣ የዘወትሩ «የለንም» ከአፉ አምልጦታል። ሻንጣ አስጭኖ ስለማያውቅ ምላሱ ሌላ መልስ አልለመደም።

«ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ ይዞ አውሮፕላን አይነሳም፣ ሕግ ነው» አለች። «ቁጥሩን ይዘናል፤ ግን ሁሉም ጥቁር ነው፣ አንድ በአንድ ማገላበጥ ሆነብን። ምንድን ነው የሚመስለው? ምልክት አለው?»

እኔን ነበር የምታየኝ። ቀዩ ገበር ዓይኔ ላይ መጣ። «ቀይ ጨርቅ አለበት» ብል ወዲያው ያገኙታል፣ ሻንጣው ይወርዳል፣ አውሮፕላኑም ይሄዳል። አውሮፕላኑን መሬት ላይ የያዘልኝ ያ ሻንጣ ብቻ ነው።

«ምልክት የለውም» አልኳት። «እንዲሁ ጥቁር ነው።»

ባለ ሻርፗ ወደ ባሌ ዞረች። «እርስዎስ? የሚያስታውሱት ነገር የለም?»

ባሌ አየኝ። ጥብቅ አድርጊው ያለኝ እሱ ነው፤ ቋጠሮውንም በጣቱ ስቦ የሞከረው እሱ ነው። የአየር መንገድ ሰዎችን ዋሽቶ አያውቅም፤ እንጀራዬ ናቸው ይላል፣ በየበሩ በስሙ ይጠሩታል። ከንፈሩን ሲያርስ አየሁት።

«የለውም» አለ። «ምንም ምልክት የለውም።»

ሄደች። እኛም ጎን ለጎን ቆመን በመስታወቱ ውስጥ ሻንጣ ሲወረወር እናያለን። አውሮፕላኑ ውስጥ ያሉትን አሰብኳቸው። ሕፃን የያዘች አለች፣ አዛውንት አለ፣ በሙቀት እየተቀቀሉ ነው። አዘንኩላቸው፤ ቢሆንም አልጸጸትም ነበር። ሻንጣው እንዳይገኝ ነው የጸለይኩት፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለ ሻርፗ እንደገና ስትመጣ አረማመዷ ተለውጧል። የእኛ ወንበር ላይ ያስቀመጠችው አንድ ነጋዴ፣ ስብሰባዬ አልፎብኛል፣ አሁን ብሄድ ምን ይሠራልኛል፣ አውርዱኝ እያለ ይጮኻል።

«የያዘው የእጅ ቦርሳ ብቻ ነው» አለች፣ እያለከለከች። «እሱ ከወረደ አንድ ወንበር ይኖረኛል። ሻንጣው በማን ስም ነው የተጫነው?»

«በእኔ» አልኩ።

«እንግዲህ እርስዎ ከገቡ ሻንጣውን መፈለግም ቀረ ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ባሌ ዞር ብላ ድምጿን ቀዝቀዝ አደረገች። «ግን ኩፖኑ የተሰጠው ለሁለታችሁ በአንድ ቁጥር ነው። አንዱ ከተመለሰ ሁለቱም ይሰረዛል። እርስዎ ደግሞ ሻንጣ የለንም ብለው አውሮፕላን ስላስቆሙ ጉዳዩ ይጻፍብዎታል። ከእንግዲህ ወንበር እለቃለሁ ቢሉ የሚቀበልዎት የለም።»

አውቀዋለሁ ባሌን። ሱቅ ውስጥ ምራቂ ካልተጨመረለት ከበሩ የማይወጣ ሰው ነው። አሁን ይከራከራል፣ ኃላፊ ጥሩልኝ ይላል፣ እሱ ሲነታረክ በሩ ይዘጋል ብዬ ፈራሁ።

ሁለቱን ኩፖኖች ከደረት ኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አኖረላት።

«ይሰረዝ» አለ። «እሷን ብቻ ቶሎ አስገቢያት።»

ሮጥኩ። አልተሰነባበትንም። ወደ አውሮፕላኑ የሚያገባው ድልድይ መታጠፊያ ላይ ዞር ስል፣ በመስታወቱ በኩል አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሟል። ያን እጅ ሲያወጣ ስንት ጊዜ አንጀቴን አሳርሮታል!

የገባሁበት ወንበር በሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሀል ነው። ክርናቸውን ሰብሰብ አላደረጉልኝም። በስተቀኝ ያለችው ሴትዮ ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«የአንድ ጅል ሻንጣ ነው አሉ እንዲህ የቀቀለን!» አለችኝ።

«ምናለ ምልክት ቢያስርበት!» አልኳት፣ ከእሷ ብሼ።

በሩ ከመዘጋቱ በፊት ለሚጡ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሳችው።

«እትዬ፣ የት ነሽ?»

«ወንበሬ ላይ። ቀበቶዬን አስሬያለሁ።»

«ጋሼስ?»

«እሱ ቀረ። ወንበሩን ለቀቀ።»

«ዛሬም?» ብላ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ ሳቋን ሰማሁ። «እሺ፣ ለቃቂው ዛሬ ምን አገኘበት?»

አውሮፕላኑ መንቀሳቀስ ጀምሯል። በሴትዮዋ መስኮት በኩል አዳራሹ ሲያልፍ አየሁ፤ መስታወቱ የምሽቱን መብራት እያንጸባረቀ ስለሆነ ሰው አይታይም።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አላገኘበትም፣ ሚጡዬ።»