የቼሪ ዝንቦቹ ባለቤት

ማርላ ኩቢያክ ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ቃል ፕሮፌሰር ዳይክስትራ በመጨረሻ ተናገሩት። የተናገሩት ግን ለእሷ አልነበረም። ለዳኛ ነው፣ ያውም ቀኝ እጃቸውን አንስተው ከማሉ በኋላ።

"ግኝቱ የእሷ ነው" አሉ ሽማግሌው። "ሐሳቡ የእሷ፣ ድካሙ የእሷ፣ ውጤቱም የእሷ። እኔ መካሪ ብቻ ነኝ። በሠላሳ ዓመት የማስተማር ዘመኔ እንደ እሷ ያለ ዓይን ያለው ተማሪ አልገጠመኝም።"

የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ጠበቃ፣ ፔል የሚባለው ቀጭን ሰው፣ ማር እንደላሰ ፈገግ አለ።

"ስለዚህ እርስዎ አለቃዋ አይደሉም?"

"ኧረ በጭራሽ! መምህሯ ነኝ እንጂ።"

ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ማርላ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ደስታ ይሁን ንዴት ራሷም አልለየችውም። ምስጋና መቼም ምስጋና ነው፣ ከማንም አፍ ቢወጣ ይጣፍጣል። የዛሬው ግን የተነገረው እሷና ጓደኞቿ እንዲሸነፉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሚሺጋን ሐይቅ ብዙም በማይርቀው በዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ እየተማሩ የሚያስተምሩት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ዘመን ጀምሮ የሠራተኛ ማኅበር አላቸው። በየቤተ ሙከራው የሚሠሩት የምርምር ረዳቶች ግን የላቸውም። "እናንተ ለራሳችሁ ትማራላችሁ እንጂ ለሰው አትሠሩም" ተብለዋል። ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ ከደመወዙ ግብር ይቆረጣል፣ ሲታመሙ ያስፈቅዳሉ፣ ሲዘገዩ ይገሠጻሉ። ሠራተኛ ግን አይደሉም አሉ! ባለፈው መስከረም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማኅበር እንፈልጋለን ብለው ካርድ ፈረሙ፣ አስተዳደሩ ተቃወመ፣ ጉዳዩም የሥራ ክርክር የሚሰሙ ሴት ዳኛ ዘንድ ደረሰ። ተማሪ ናቸው ወይስ ሠራተኛ? በዚህ የካቲት ሳምንት የሚጣራው ይኸው ነበር። ነገ ደግሞ የመመስከር ተራው የማርላ ነው።

የማርላ ሥራ ዝንብ መቁጠር ነው። የቼሪ ፍሬ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል፣ ገበሬውን የምታስለቅስ አንዲት ትንሽ ዝንብ አለች። ፕሮፌሰር ዳይክስትራ ዝንቧ ከየት እየመጣች እርሻ እንደምትወር ለማጥናት ከመንግሥት ድጋፍ አግኝተዋል፤ ማርላ ደግሞ በየእርሻው እየዞረች ወጥመድ ትሰቅላለች፣ ታወርዳለች፣ የተያዘውን በማይክሮስኮፕ ትቆጥራለች። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ፕሮፌሰሩ የሳምንቱን ሥራ በእርሳስ ጽፈው የቤተ ሙከራው ፍሪጅ በር ላይ ይለጥፋሉ። ማን የት እንደሚሄድ፣ ማን ምን እንደሚቆጥር እዚያ ላይ ይታያል።

በሁለተኛው ዓመቷ፣ በሐምሌ፣ ዝንቦቹ ከእርሻው ዳር ከሚበቅል አንድ የዱር ቁጥቋጦ ይመጣሉ ብላ ጠረጠረች። ለፕሮፌሰሩ ስትነግራቸው "እዚያ ጊዜ አታባክኚ" አሏት። እሷ ግን በራሷ ቅዳሜ፣ በራሷ አሮጌ መኪና ሄዳ አሥራ ሁለት ወጥመድ ቁጥቋጦው ላይ ሰቀለች። በሳምንቱ ስትመለስ ሁሉም ጢም ብለው ሞልተዋል። እርሻው መሐል ቆማ ብቻዋን ጮኸች። የያዘቻቸውን ስታመጣላቸው ፕሮፌሰሩ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩና ቀና ብለው ሳቁ። ሰኞ ጠዋት ፍሪጁ ላይ "ማርላ፦ ቁጥቋጦ፣ አርባ ወጥመድ፣ በሳምንት ሁለቴ" ተብሎ ተጽፎ አገኘችው።

ጥናቱ በትልቅ መጽሔት ሲታተም የመጀመሪያው ስም ዳይክስትራ፣ ሁለተኛው ኩቢያክ ሆነ። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ስም የባለቤቱ ነው። ሁለተኛው እንደ ሚዜ ነው፣ ፎቶው ላይ ይታያል እንጂ ማን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። "ድጋፉ በእኔ ስም ስለመጣ እንዲህ ይሻላል" አሏት። ማርላም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሷ ዝምታ ግን ሁለት ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲነቅዝ ኖረ።

ከችሎቱ ወጥታ የተማሪዎቹ ካፌ እንደተቀመጠች ቴረል ትሪውን ይዞ መጣ። ቴረል የብረታ ብረት ምርምር ረዳት ነው፤ በበረዶም በዝናብም ከሕንፃ ሕንፃ እየዞረ ያን ሁሉ ካርድ ያስፈረመው እሱ ነው። ሰው ሲያሳምን እጁና አፉ እኩል ይሠራሉ።

"ሰማሽ አይደል? ሽማግሌው ባረኩሽ እኮ! የቀራቸው ቅባት መቀባት ብቻ ነው።"

"አትቀልድ፣ ቴረል።"

"ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስ? እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እያሸነፍን ነበር። እሳቸው ገብተው እንደ አባት ሲናገሩ ዳኛዋ እንኳ ራሷን ነቀነቀች።" የቲማቲም ሾርባውን ፉት አለ፣ አቃጠለው፣ ተራገመ። "ስሚኝ፣ የኔ እመቤት። ነገ ያ ቀጭን ጠበቃ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቅሽ። ግኝቱ የማን ነው? አንቺም 'የሳቸው ነው፣ እኔ ታዝዤ ነው የሠራሁት' ትያለሽ። አለቀ፣ ደቀቀ። ሁለት ሺህ ሰው ይመርቅሻል።"

"የእኔ ነው እንጂ።"

"የአንቺ መሆኑን አጥቼው ነው?"

"በመሐላ ነው የምናገረው።"

"ጽሑፉ የሳቸው ነው ይል የለ! እሱን እናቅርበዋ። የመጀመሪያው ስም ማን ነው? ዳይክስትራ። በቃ፣ የሚሉት ያጣሉ።"

ማርላ አይብ የተጠበሰበትን ዳቦ ሳትነካው ወደ ጎን ገፋችው።

"እሱን አታነሱትም ብያችኋለሁ። አምና እናቴ ስትሞት በዚያ በረዶ አምስት ሰዓት ነድተው ቀብር መጥተዋል። ማንም አልነገራቸውም፣ ጋዜጣ ላይ አንብበው ነው። ሰው ፊት ሌባ አላስብላቸውም።"

ቴረል ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

"እሺ፣ አናነሳም። ግን ልብ በይ። የእኔ ነው ካልሽ ለራሷ ተማረች እንጂ አልሠራችም ይሉና እኛ እንሸነፋለን። የሳቸው ነው ካልሽ ደግሞ ያቺን ቅዳሜሽን በገዛ አፍሽ ለዘላለም ሰጠሻት። ለአንቺ አዝናለሁ። ሌላ ምስክር ግን የለንም።"

በማግስቱ ጠዋት ቤተ ሙከራ ስትገባ ፕሮፌሰሩ ቀድመዋታል። ለጥናቱ በየጠርሙሱ የሚያረቧቸውን ዝንቦች እያገላበጡ ያያሉ። እሷም እንደ ወትሮው ካፖርቷን ሰቅላ ከጎናቸው ቆመች።

"ዛሬ ተራሽ ነው አሉ።"

"አዎ።"

"እውነቱን ተናገሪ፣ ልጄ። እኔም የተናገርኩት እውነቱን ነው።"

"ግኝቱ የእኔ ነው ማለትዎ?"

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" ከልባቸው ተገረሙ።

 "ጽሑፉስ?"

"ጽሑፉማ የቤተ ሙከራው ነው" አሉ፣ ነገሩ ጥያቄም እንደማያስፈልገው ሁሉ። አንዱን ጠርሙስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት። "እነዚህ ውሃ አንሷቸዋል። ከመሄድሽ በፊት ጨምሪላቸው እስቲ።"

ማርላ ጨመረችላቸው። ሰውየው እየዋሹ አልነበረም፤ የከፋው ይኼ ነው። ቢዋሹ ትቀየማቸው ነበር፣ መቀየም ደግሞ ያቀላል። እሳቸው ዓመቱን ሙሉ አዝዘዋት፣ አዝዣት አላውቅም ሲሉ የሚያምኑ ሰው ናቸው። አስተዳደሩም ይህን አይቶ ሁለት ባላ ተክሏል፣ አንዱ ቢነቀል ባንዱ ሊንጠለጠል። ሲታተም የፕሮፌሰሩ፣ ዳኛ ሲጠይቅ የተማሪዋ። ለማርላ የተረፋት ላም አለኝ በሰማይ ብቻ ነው።

ችሎቱ ከሰዓት በኋላ ቀጠለ። ዳኛዋ ጉንፋን ይዟቸው መሐረብ በእጃቸው ነበር። የማኅበሩ ጠበቃ ማርላን ስለ ፍሪጁ ወረቀት ጠየቋት። ማን ይጽፈዋል? ፕሮፌሰሩ። የተጻፈልሽን አልሠራም ብትዪስ? ብዬ አላውቅም። ታመሽ ስትቀሪስ? የእኔ ስም ይሰረዝና ሄዎን ትጻፋለች፤ ሄዎን አጠገቤ የምትሠራው የኮሪያ ልጅ ናት። ሁሉም በሰላም አለፈ። ከዚያ ፔል ክራቫቱን አስተካክሎ ተነሣ።

"ወይዘሪት ኩቢያክ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ፕሮፌሰርዎ ትናንት ስለ እርስዎ የተናገሩትን ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ትክክል ናቸው? ግኝቱ የእርስዎ ነው?"

ፕሮፌሰር ዳይክስትራ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። አይዞሽ እንደሚል አባት ፈገግ አሉላት። ከኋላቸው ቴረል አገጩን በሁለት እጁ ይዞ ያያታል። ማርላ "የሳቸው ነው" ልትል አፏን ከፈተች። ግን ያ እርሻ መሐል የጮኸችው ጩኸት ትዝ አላት፣ ቃሉም አልወጣም አላት።

"አዎ፣ ትክክል ናቸው" አለች። "የእኔ ነው።"

ቴረል ዓይኑን ጨፈነ።

"አመሰግናለሁ። ጨርሻለሁ" አለ ፔል፣ ወረቀቱን እየሰበሰበ።

"እኔ አልጨረስኩም።"

ፔል "ጥያቄ እኮ የለም" ሲል ዳኛዋ መሐረባቸውን አንስተው አስቆሙት። "መልሷን ትጨርስ" አሉ።

ማርላ የተዘጋጀችበት ንግግር አልነበራትም። ወደ ሦስተኛው ረድፍ ላለማየት ፊቷ ያለውን ጠረጴዛ እያየች ጀመረች።

"የእኔ ነው። በራሴ ቅዳሜ ነው ያገኘሁት። ሰኞ ዕለት ግን ወረቀቱ ላይ ተጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ... ከዚያ ወዲህ ሥራ ሆነ። አርባ ወጥመድ፣ በሳምንት ሁለቴ፣ ቼሪው እስኪያልቅ። ልተወው ብል የሚተውልኝ የለም። ሲታተም ደግሞ የፕሮፌሰሩ ስም ቀደመ።" አዳራሹ ውስጥ አንድ ወንበር ተንቋቋ። "አላጉረመረምኩም። አባቴ መኪና ፋብሪካ በር ይገጥም ነበር። መንገድ ላይ ስንሄድ 'ያቺን በር እኔ ነኝ የገጠምኳት' ይለን ነበር፣ ሲኮራ ማየት ነው! መኪናዋ ላይ ግን ስሙ የለም። እኔም የሠራተኛ ነገር እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። ስለኮራህበት ሠራተኛ አይደለህም ብሎ አባቴን ከማኅበሩ ያስወጣው ግን አልነበረም። አሁን እዚህ መጥቼ ተማሪ ነሽ እባላለሁ። ይሁን፤ ተማሪ ከሆንኩ ስሜ ይቅደም። ሠራተኛ ከሆንኩ ማኅበሬን ስጡኝ። እኔ የምጠይቀው አንዱን ነው። እናንተ የምትከለክሉኝ ሁለቱንም ነው።"

ዳኛዋ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ውጭ በረዶ የሚጠርገው መኪና ሲያልፍ መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ፔል ሌላ ጥያቄ አለህ ተብሎ ሲጠየቅ የለኝም አለ።

ውሳኔው እስከ ሚያዝያ እንደማይመጣ ተነግሯቸው ተበተኑ። ማርላ ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ፕሮፌሰሩን ከግድግዳው አጠገብ ቆመው አገኘቻቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። ልታልፋቸው አልቻለችም።

"ብትጠይቂኝ የመጀመሪያውን ስም እሰጥሽ ነበር እኮ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ምነው ሁለት ዓመት ሙሉ?" ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፣ የተጎዳ ሰው ድምፅ ነበር። "እንዴት አንድ ቀን ቃል አይወጣሽም?"

"የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያጸድቁት እርስዎ ነዎት። ለሥራ ስወዳደር ደብዳቤ የሚጽፉልኝ እርስዎ። ደመወዜ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ። በየት በኩል ልጠይቅ?"

"ክፉ ሰው ነኝ እንዴ፣ ማርላ?"

"አይደሉም። ደግ ሰው ነዎት" አለች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እናቷ ቀብር ላይ የቆሙት እኚያ ሽማግሌ አሳዘኗት፤ የተናገረችውን ግን አልተጸጸተችበትም። "ደግ በመሆንዎ ነው የከበደኝ። የሚገባኝን ነገር ደግ ሰው እስኪገጥመኝ ልጠብቅ? እርስዎ ጡረታ ሲወጡ የሚመጣው ሰውዬ ክፉ ቢሆንስ?"

 ፕሮፌሰሩ ወደ ችሎቱ በር አዩ፣ ወደ መስኮቱ አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

"ሄዎንስ? ባለፈው ዓመት የታተመው... የእሷ ሐሳብ ነበር፣ አይደል?"

ማርላ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

"ከእሷ በፊት የነበሩትስ?"

 ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ግራ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንድ ስም በለሆሳስ ጠሩና አውራ ጣታቸውን አጠፉ። ሌላ ስም ጠሩ፣ ሌላ ጣት አጠፉ። አንዳንዶቹን ማርላ በዝና ታውቃቸዋለች፣ ሌሎቹን ሰምታቸው አታውቅም።

የችሎቱ በር ተበርግዶ ቴረል እየሮጠ ወጣ። "ማርላ! አንቺ ጉደኛ፣ ምን ብለሽ..."

እጇን አንስታ ዝም አሰኘችው። ከዚያ ፕሮፌሰሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁለተኛውን እጃቸውን ጀምረው ነበር።