የይሁኔ ባዶ ብራና

ንጉሡ አንኮበርን ትተው ወደ እንጦጦ ጠቅልለው ሊሄዱ ነው፣ አይደለም፣ እየተባለ በሚወራበት ዘመን፣ ከአንኮበር ዝቅ ብሎ፣ ጉሙ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ በሚጋፋበት የገደል አፋፍ ላይ አንድ ጉባኤ ነበር። ዜማ አይባልበትም፤ ቅኔ አይቆጠርበትም። የሚማሩት የሰው ልብ ነው። መምህሩ የኔታ ዘርአ ዳዊት ጎጃምንም በጌምድርንም ዞረው የተጻፈውን ሁሉ አነበቡና፣ «ያልተጻፈው ሰውዬው ራሱ ነው» ብለው ጸበሉ አጠገብ አምስት ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። ልቡ የታወከ ሰው ለጸበል ሲመጣ መጀመሪያ በሳቸው ደጅ ያልፋል። ያገሩ ሰው ስሙን «የልብ ቤት» አለው።

ይሁኔ እዚያ የደረሰው በመስከረም ነው። የመዘዞ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ከሦስት ጉባኤ ተባሯል፤ ከሦስቱም በምላሱ። አንዱ ጋ የመዘዞ በግ ጠጉሩ ከመጠን በላይ ከመብዛቱ የተነሳ፣ በግ ሊሰርቅ የገባ ሌባ ጠጉሩ ውስጥ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን በጩኸት ተገኘ ብሎ በቅዳሴ ሰዓት አውርቷል። የሁለቱን አላነሳም፤ ያሳፍራል። አባቱ የመጨረሻውን ቃል ተናግረው ነበር፤ «አራተኛ ከተባረርህ የዚያን በግህን ጭራ ይዘህ ትቀራለህ። ዳዊትህንም ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ።»

የኔታ ደጅ ላይ ተቀምጠው አዩት።

«ለምን መጣህ?»

«ቅዱስ ሩፋኤል በሕልሜ ተገልጦልኝ ነው፣ የኔታ።»

«ምን ለብሶ ነበር?»

«ነጭ።»

«እግሩስ? ጫማ አድርጓል ወይስ ባዶ ነው?»

ይሁኔ ጆሮውን አከከ። «ከወገቡ በታች ጉም ነበር፣ የኔታ። የአንኮበር ጉም መቼ እግር ያሳያል?»

የኔታ ሳቃቸውን በዝንብ ጭራቸው ሸፈኑ። «ውሸታም የሰው ልብ ሳያውቅ አይዋሽም። ግባ። ግን ሁለት ሕግ አለን። አንደኛው፣ በሽተኛው ራሱ እስኪናገር ድረስ አንተ አትናገርም፤ ጆሮ ይቀድማል። ሁለተኛው፣ በሽተኛው የተናገረውን ሁሉ በብራናህ ጽፈህ ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ቀን፣ ለጉባኤው ታነባለህ። አንዱን ያፈረሰ ዘመን መለወጫን እዚህ አያይም።»

እንግዲህ ለይሁኔ ዝም ማለት ማለት ለዓሣ መሬት ላይ መሄድ ማለት ነው። ግን አራተኛ መባረር አለ፤ የበጉ ጭራም አለ። «እሺ» አለ።

ትምህርቱ ከወይራው ሥር ነው። የኔታ ልብ የሚታወክበትን በር አራት አድርገው ያስተምራሉ፦ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ማስመሰል፣ አራተኛው ርኩስ መንፈስ። «ሦስቱን በር ሳታንኳኳ አራተኛውን አትጥራ» ይላሉ። «ሰዉ ሁሉ በአራተኛው ይጀምራል፤ ጋኔኑም ባልሠራው ሲታማ አለቀ።» ዋናው ተማሪ ገብረመንፈስቅዱስ ይህንን በቃሉ ይዞ በእንቅልፉም ይለዋል። ከጫጫ የመጣ ንጹሕ ልጅ ነው፤ ብራናው አይጨማደድም፣ ቀለሙ አይደርቅም፣ ይሁኔን ሲያይ ደግሞ አፍንጫው አያርፍም።

በጥቅምት በሽተኞቹ ተከፋፈሉ። ለገብረመንፈስቅዱስ እንደ አውራ ዶሮ የሚጮህ ገበሬ ደረሰው። ለይሁኔ የደረሰው ሸሪፍ የሚባል የአልዩ አምባ ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ ያመጣው ሰው ነው። ጣሰው ይባላል። ሃያ ዓመት በቅሎ የጫነ፣ ከደጋ ገብስ አውርዶ ከቆላ ጨው የሚያወጣ የሲራራ ሰው ነው።

«እኔ የናንተን ጸበል አላውቀውም» አለ ሸሪፍ። «ጣሰው ግን ክርስቲያን ነው፤ በሃይማኖቱ ይዳን ብዬ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጓደኛው ወልደጻድቅ ከነበቅሎው ገደል ገባበት። ነፋስ ነው የጣላቸው፤ የአላህ ሥራ ነው። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም። ወላሂ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ‹አፍህን ዝጋ› ስለው የኖርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ናፈቀኝ።»

ጣሰው ሰፊ ሰው ነው፤ መዳፉ መጫኛ በመሳብ ብዛት የቆዳ ቀለም ይዟል። ከጎጆው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይሁኔም ከፊቱ ተቀመጠ። ጥቅምት በዚሁ አለቀ።

ኅዳር መጣ፤ ብርዱ ጥርስ የሚቆጥር ብርድ ነው። ሁለቱ ተያይተው ይውላሉ። ጣሰው ቅንጬውን ይበላል፣ ጸበሉን ይጠመቃል፣ ቢጠይቁት ራሱን ነቅንቆ ይመልሳል፣ አፉ ግን ዝግ ነው። ይሁኔ ሊናገር ሲል ጉንጩን ከውስጥ እየነከሰ ያልፋል። በጥር እማሆይ አስካለማርያም፣ ወጥ ቤቱን የሚያዙት መነኩሲት፣ አዩትና፣

«ምነው ልጄ፣ ጉንጭህ አብጧል? ጥርስህን ነው?»

«ወሬ ነው፣ እማሆይ። መውጫ አጥቶ ቋጠረ።»

«ና፣ ለኔ ተንፍሰው እንግዲህ» ብለው ከምድጃው ዳር አስቀመጡት። ያን ቀን ሽሮው አረረ። ከዚያ ወዲህ የሽሮ ቀን ሲሆን ይሁኔ ወጥ ቤት እንዳይደርስ ከለከሉት።

ጾሙ ገባ፤ ፋሲካ ወጣ። በግንቦት የገብረመንፈስቅዱስ ዶሮ ዳነ፤ ሰውዬው አማቱ ቤቱ ስትቀመጥ ብቻ የሚጮህ መሆኑ ተደረሰበት። ሦስተኛው በር፣ ማስመሰል! ብራናው በሁለት ፊት ሞላ። ይሁኔ የራሱን ባዶ ብራና አየው፤ ቆዳዋ ብራና የሆነው ፍየል በሕይወት ሳለች የነበረባት ጠቃጠቆ እንኳ ይታይበታል።

«በሩፋኤል ቀን ምን ልታነብ ነው?» አለው ገብረመንፈስቅዱስ፣ በጣም አዝኖ የሚመስል ፊት አድርጎ።

«ጠቃጠቆውን።»

ክረምቱ ገባ። በነሐሴ አንኮበር ላይ ከጉሙ ብዛት ሰው የገዛ እጁን በስሙ ጠርቶ ነው የሚያገኘው። የፍልሰታ ጾም ነበርና ሌሎቹ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። ይሁኔና ጣሰው ብቻ ጎጆው ውስጥ፣ እሳት ዳር ቀሩ። ውጭ ነፋሱ ሣሩን ከጣራው ላይ ይነጫል። አሥራ አንድ ወር ሙሉ የታመቀው ነገር ያን ጊዜ፣ ይሁኔ እንኳን ሳይፈቅድለት፣ ከአፉ ወጣ።

«ይሄ ነፋስ ነው እንዴ፣ ጋሼ ጣሰው! ነፋስስ ያን ጊዜ ቀረ። ያባቴ አጎት አንድ ጊዜ ለኪዳን ብሎ ከቤቱ ወጣ፣ ነፋሱ አንስቶ አልዩ አምባ ገበያ አወረደው። መቼስ መጣሁ ብሎ በርበሬ ገዝቶ ተመለሰ። ሌላ ቀን ደግሞ ገብስ የተጫነች በቅሎ እዚህ አፋፉ ላይ ቆማ ነፋሱ ብድግ አደረጋት። ሽቅብ ወሰዳት፣ ቁልቁል መለሳት፣ ሽቅብ ወሰዳት፣ ቁልቁል መለሳት። ነጂው በእግሩ ወርዶ ገበያው ሲደርስ በቅሎዋ ቀድማው ደርሳለች፤ ገብሱም ከመንገላታቱ የተነሳ ተፈጭቶ፣ ተነፍቶ፣ ዱቄት ሆኖ እየተሸጠ ነው!»

ይሁኔ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ያደረገው ገባውና አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

«ነፋስ አይደለም» አለ ጣሰው።

ድምፁ ዓመት ሙሉ ሳይከፈት የኖረ መዝጊያ ነበር።

«ነፋስ የተጫነች በቅሎ አይጥልም። ማን ነው ነፋስ ያለው? ሁሉም ነፋስ ይላል። ሸሪፍ ነፋስ ይላል፣ ቄሱ ነፋስ ይላል፣ የወልደጻድቅ እናት እንኳ ‹ምን ታደርግ ልጄ፣ ነፋስ ነው› ብላ እኔኑ ታጽናናኛለች።» እጁን አየው። «ጭነቱ የሚታሰርበት ጭነቱ የሚታሰርበት መጫኛ ቆዳ ነው። ዝናብ ሲጠጣ ይለጠጣል። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ቆመህ፣ በሆዷ ሥር ያለውን ፈትተህ እንደገና ማጥበቅ አለብህ። ጀማሪ እንኳ ያውቀዋል። ያን ቀን ዓርብ ነው፤ ገበያው እንዳያመልጠን ‹ግድ የለም፣ ይይዛል› አልኩ። ወልደጻድቅ ‹እናጥብቀው› ብሎኛል። ‹ይይዛል› አልኩት። ጭነቱ ሲዞር ሊደግፍ ገባ፤ ከነበቅሎው ሄደ።»

እሳቱ ተንጣጣ። ይሁኔ እንጨት ጨመረ።

«ነፋስ አይደለም ብዬ ብጀምር ሁሉን መጨረሴ ነው» አለ ጣሰው። «ነፋስ ነው ብልም ውሸት ነው። እና ዝም አልኩ።» ቀና አለ። «ስማ። ይህንን ከኔ አፍ መስማት ያለባት እናቱ ናት፤ ጎረቤላ የምትኖረው፣ በሰለች የምትባለው። እስክነግራት ድረስ ለማንም አትናገር። ማልልኝ።»

«በሩፋኤል!» አለ ይሁኔ፤ የትኛው ቀን እንደሚመጣ ያሰበው ከማለ በኋላ ነው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ዝናቡ ሲዘንብ ያገሩ ሕዝብ ሁሉ ጸበል ነው ብሎ ወጥቶ ራሱን ለዝናቡ ሰጠ። ጉባኤው የኔታ ጎጆ ውስጥ ተሰበሰበ። ገብረመንፈስቅዱስ የዶሮውን ነገር ከመቅድም ጀምሮ አነበበ፤ ሰዉ መሐል ላይ ሁለት ጊዜ አሜን ብሎ ሊነሳ ሞከረ። ከዚያ የይሁኔ ተራ ደረሰ።

«ጣሰው ተናገረ ወይ?» አሉ የኔታ።

«ተናገረ፣ የኔታ።»

ጎጆው ተንጫጫ። ጣሰው ከደጅ ድንጋዩ ላይ ነው፤ ዝናቡ ይወርድበታል።

«አንተ ሳትናገር ተናገረ?»

እዚህ ላይ ለይሁኔ ስምንት ዓይነት ውሸት መጣለት። መልአኩ፣ ጸበሉ፣ የጉሙ መከፈት፣ ሁሉም ተሰልፈው ቆሙ። «አይ። እኔ ቀድሜ አወራሁ። ስለ በቅሎ ነው፤ ውሸት ነው።»

«አንዱ ሕግ ፈረሰ» አሉ የኔታ ቀስ ብለው። «ሆኖም ሰውዬው ድኖ ከሆነ የተናገረውን እንስማው። በሩ ከታወቀ ስለ ሕጉ እንመክራለን። አንብብ።»

ይሁኔ ብራናውን ዘረጋ። ባዶ ነው። ዳዊቱን አሰበ፤ የበጉን ጭራ አሰበ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በቂ ነበር። እማሆይ አስካለማርያም ከደጃፍ ቆመው «ተናገር እንጂ ልጄ፣ ዝምታህን ለዛሬ ይሆነኛል ብለህ አስቀምጠኸው ነው እንዴ የኖርኸው?» ይሉታል።

«አልናገርም» አለ።

«አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ፣ የኔታ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያስ ሁለቱም ፈረሱ። እንቁጣጣሽን እዚህ አትውልም።»

በእንቁጣጣሽ ጧት ይሁኔ ደበሎውንና አኮፋዳውን አንጠለጠለ። ጣሰው ከበሩ ላይ ጠበቀው። ሁለቱም ወደ ጎረቤላ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። አደይ አበባው ጤዛውን አራግፎ እየነቃ ነበር። ከበሰለች ደጅ ሲደርሱ ጣሰው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ይሁኔ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። የአጥሩ አንድ ወገን ተንዶ ወድቋል። ከቤት ውስጥ መጀመሪያ የጣሰው ድምፅ፣ ከዚያ የሴት ልቅሶ ተሰማ፤ ቆይቶ ልቅሶውም በረደ። ፀሐይዋ ከአንዱ የአጥር ምሰሶ ወደ ሌላው ተሻገረች።

ጣሰው ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ዘወር ሳይል መንገድ ሲጀምር አሮጊቷ እስከ በሩ ተከትላ መጣች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ይዛለች።

«ጣሰው!»

ቆመ።

«ነገ ና። አጥሩ ወድቋል።»

«እሺ፣ እማማ።»

ይሁኔ ወደ መዘዞ በሚወስደው በኩል ሊሄድ ተነሳ። ጣሰው አኮፋዳውን ያዘና ሽቅብ ጎተተው። «ና» አለ። «የት?» አለ ይሁኔ። «ና ብያለሁ። እኔ በቅሎ ስነዳ ስንት ጊዜ ነው የምናገረው?»

የኔታ ደጅ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገብረመንፈስቅዱስ የዓመቱን ብራናዎች በማኅደር እያስገባላቸው ነው። ጣሰው እጅ ነሣ።

«የኔታ፣ ይህ ልጅ የነገርኩትን ያልተናገረው እኔ ስላስማልኩት ነው። አሁን መስማት የነበረባት ሰምታለች። ይናገር፤ ፈቅጃለሁ።»

የኔታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «በል እንግዲህ፣ ይሁኔ። ምን ነበር የነገረህ?»

ይሁኔ ጣሰውን አየ። ሃያ ዓመት መጫኛ የሳበው ያ እጅ ኮፍያውን እየጨመቀ ነበር። ይሁኔ ሰማዩን አየ፤ ጆሮውን አከከ።

«ረሳሁት፣ የኔታ።»

«ረሳኸው?»

«ፈጽሞ። ነፋስ ነው የወሰደው።»

የኔታ ሳቃቸውን በጭራቸው ሊሸፍኑ ፈለጉ፤ ጭራው ጉልበታቸው ላይ ስለነበር ሰው ሁሉ አያቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ይሁኔ ብራናውን ሰጣቸው። አገላብጠው አዩት፣ በጥንቃቄ ጠቀለሉት፣ ከሌሎቹ ጋር ማኅደሩ ውስጥ አስገቡት።

«የኔታ፣ ባዶ ነው እኮ!» አለ ገብረመንፈስቅዱስ።

«አይቻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሩ። «አስካለማርያም! ለእንቁጣጣሹ አንድ ሰው ጨምሪ። ሽሮ ከሆነ ግን እኔ ጋ ይቀመጥ።»