የሱሉልታው ዳኮታ እንዴት እንደበረረ

ከዚህ በታች ካለው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ቀኝ እጄ ካንዴላ መፍታት ይርሳ። እንዲያውም ሰው አያምነኝም ብዬ ከሆነው ግማሹን ቀንሼዋለሁ። ሽታውንም ቀንሻለሁ፤ ሁሉንም ብጽፈው ይህን ወረቀት የሚይዘው ሰው አይኖርም።

ስሜ ውብአየሁ ነው፤ ሰው ውቤ ይለኛል። ሰበታ ላይ የጄኔሬተር ጋራዥ አለኝ። ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የቆመ ሞተር ካለ እኔን ስላላገኘ ነው።

ባለፈው ጥር የሱሉልታ ሽማግሌዎች ኦቦ ጃለታን ከልጆቻቸው ሊያስታርቁ ተቀምጠው ነበር። ኦቦ ጃለታ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዳኮታ ላይ የበረራ መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። ዳኮታ ማለት ሁለት ፕሮፔለር ያለው፣ ጅራቱን መሬት ላይ ጥሎ አፍንጫውን ወደ ሰማይ የሚያቀና የድሮ የጭነት አውሮፕላን ነው። ከሥራ ሲወጣ በጨረታ ገዙት፤ ክንፉን ፈትተው በከባድ መኪና አመጡትና ጓሯቸው ያለው የሣር ሜዳ ላይ መልሰው ገጠሙት። አንድ ቀን ሞተሩን አስነስቼ እሰማዋለሁ ሲሉ ሠላሳ ዓመት አለፈ። የመጨረሻዎቹን አስራ አንድ ዓመታት ልጃቸው ኤቢሴ ዶሮ አርብታበታለች።

ወንዶቹ ልጆች ለዲኖ ይሸጥ አሉ። ዲኖ የቡራዩ ቆራሌው ነው፤ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት ያስወጣል። አባትየው ሳልሰማው አይሸጥም አሉ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ እስከ ቅዳሜ አንዱ ሞተር ከተነሳ፣ አውሮፕላኑ ኦቦ ጃለታ በሕይወት እስካሉ ድረስ አይነካም። ካልተነሳ ዲኖ ይቁረጠው።

እኔ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተነሳሁ። ለምለም ሣር አስያዙኝ። እዚያ አገር ሣር ይዞ በሽማግሌ ፊት የተናገረ ሰው ቃሉ ከፊርማ ይበልጣል፤ ሁለተኛ የሚጠይቀው የለም።

"አስነሳዋለሁ" አልኩ። ሁሉም ሲያዩኝ ጊዜ "አበርረዋለሁም" አልኩ።

"ውቤ፣ መነሳቱ ይበቃኛል" አሉ ኦቦ ጃለታ። "ይብረር አላልኩም።"

"አንቱ ዝም ብለው የበረራ ኮፍያዎን ይፈልጉ።"

ሰኞ ጠዋት በሩን ከፈትኩት። ሽታው ደረቴን በሁለት እጁ ገፍቶ ደረጃውን አስወረደኝ። ብዙ ነገር ያሸተትኩ ሰው ነኝ። ክረምት ሙሉ ውሃ የተኛበት የቄራ ጄኔሬተር ፈትቻለሁ። ያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የሙሽራ ሽቶ ነበር።

የዶሮው ኩስ ወለሉ ላይ እስከ ጉልበቴ፣ ወደ ጅራቱ እስከ ብብቴ ይደርሳል። ከላይ አመድ ነው፤ ስትረግጠው ይቦንናል። ከሥሩ እንደ ጭቃ ይይዛል። ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው፤ ይንቀሳቀሳልም። ትሉ ጣቴን ያክላል፣ ዝንቡ ድንቢጥ ያክላል። ከመቀመጫዎቹ ሥር ስንት ዘመን የተረሳ ግም እንቁላል ነበር። አንዱን ሳነሳው እጄ ላይ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኝ እጄ አልጎርስም። የፓይለቱ ወንበር ላይ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አልነሳም አለች።

አራት መቶ አስራ ሁለት ጆንያ ኩስ ብቻዬን አወጣሁ። በአካፋ። አፍንጫዬ ውስጥ ሎሚ ወትፌ። ማታ ወደ ሰበታ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጥ ጠፋ፤ ረዳቱ ሒሳብ ሳይቀበለኝ አወረደኝ።

ሞተሩ ደግሞ የባሰ ነው። ኦቦ ጃለታ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"መጀመሪያ ፕሮፔለሩን በእጅ ታዞራለህ" አሉኝ። "እንዲህ ዓይነቱ ሞተር ሲቆም አሮጌ ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ወርዶ ይጠራቀማል። ሳታስወጣው ካስነሳኸው ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰብሮ ያወጣዋል። የታችኞቹን ካንዴላዎች ፍታና ቀስ ብለህ አዙር። ሁለት ሰው ይፈልጋል።"

"እኔ ሁለት ሰው ነኝ።"

ካንዴላውን ፈትቼ አዞርኩ። የወጣው ዘይት አልነበረም። ጥቁር ንፍጥ ነበር፤ መሃሉ ላይ አይጥ፣ ከነጅራቱ፣ ፀጉሩ አልቆ። እኔ ከሥር ቆሜ ወደ ላይ እያየሁ ስለነበር ግማሹ አፌ ውስጥ ገባ።

"ጋሽ ውቤ፣ ቢያንስ ስትሠራ አፍህን ዝጋ እንጂ" አለች ኤቢሴ።

ለሦስት ቀን የበላሁት ሁሉ የአይጥ ጣዕም ነበረው። አሁንም ስጽፈው ምራቄ ይመጣል።

ሐሙስ ዲኖ አጮልቆ ሊያይ መጣ።

"ጋሼ፣ ይህ ነገር ድስት ሆኖ ነው የሚያምረው" አለኝ፣ አፍንጫውን በፎጣ ይዞ።

"በዚህ ድስት ወጥ የሚበላ ሰው ታገኛለህ?"

"እሳት ያላጠራው ምን አለ? ለአንተም አንድ አስቀምጥልሃለሁ፣ ባለ ክዳን።"

ቅዳሜ ደረሰ። ሱሉልታ በሙሉ ሜዳው ላይ ወጣ፤ አስር ሺህ ሰው ብል አሳነስኩ። ኦቦ ጃለታ የበረራ ኮፍያቸውን አድርገው ከጎኔ ተቀመጡ። ቀይዋን ዶሮ ከነእንቁላሏ ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። የግራው ሞተር አንዴ አስነጠሰ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ተነሳ። የቀኙ ተከተለ። የተከመረው ድርቆሽ ሁሉ ከኋላችን በኖ ጠፋ፤ ባለቤቶቹ እስከ ዛሬ ያኮርፉኛል።

ከዚያ በረርን። ሜዳው አልቆ አጥሩ ሲመጣ መሪውን ሳብኩት፣ ያ አሮጌ ዕቃ ጅራቱን ነቅንቆ ለቀቀ። የበረራ ደስታ የሚሉት ግን በእኔ አልደረሰም። ከወለሉ ስንጥቅ የቀረው ኩስ ሁሉ ንፋስ አግኝቶ ተነሳ። ዓይኔ ውስጥ፣ ጥርሴ መሃል፣ ጆሮዬ ውስጥ። ዶሮዋ ደግሞ ፈርታ ያለችውን ሁሉ ጭኔ ላይ ለቀቀችው። በቡራዩ ላይ ሳልፍ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ያን ቀን ቡራዩ ለምን እንደሸተተች ለማያውቅ ይኸው ነግሬዋለሁ። በመናገሻ ጫካ ላይ አስመለስኩ። ሰበታ ላይ የጋራዤን ቆርቆሮ አየሁት፣ ዝጓል።

ኦቦ ጃለታ ግን ሽታውም አቧራውም አልነካቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሞተሩን ብቻ ይሰሙ ነበር።

"ቀኙ ትንሽ ያስላል" አሉ።

"ላስተካክለው?"

"ተወው። ድሮም ያስል ነበር።"

ስናርፍ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ከአስራ ሁለት እንቁላል አስራ አራት።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ምስክር ሆና ትፈርምልኝ ዘንድ ለኤቢሴ ወሰድኩላት። ሱሉልታ ሜዳው ላይ አውሮፕላኑ የቆመበት ቦታ ሣሩ ገና አልበቀለም። ቆማ አነበበችው፣ እስከ መጨረሻው። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

"ጋሽ ውቤ፣ ሰኞ በሩን ከፍተህ ደረጃው ላይ አስመለስክ። ውሃ አመጣሁልህ፣ ታጠብክ። ጓንት ይዤ ልምጣ ብለህ ሄድክ።"

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

"ኩሱን ያወጣው አባዬ ነው። አራት ቀን ፈጀበት። ካንዴላዎቹንም ራሱ ፈታ። እኔና እሱ ሆነን ፕሮፔለሩን ገፋነው፣ እምቢ አለን። ከቡራዩ ሌላ መካኒክ ልጥራ አልኩት። ውቤ ሣር ይዞ ተናግሯል፤ ሌላ መጥራት እሱን መስደብ ነው አለኝ።"

ወደ ቤቱ አየት አድርጋ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

"ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ ኮፍያውን አድርጎ በር ላይ ተቀመጠ። መኪና በቆመ ቁጥር ይነሳ ነበር። ዲኖ እንኳን እስከ አስራ አንድ ሰዓት ጠብቆህ ነው መቁረጥ የጀመረው።"